የነጠፈች ላም

ሥራዬ ማመላለስ ነው፣ የነጠፉትን ላሞች፣
ከሞንሮ ዙሪያ በረቶች፣ ከዊስኮንሲን ኮረብቶች።
ስም የላቸውም፤ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ተንጠልጥሏል፤
ጡት ሲደርቅ ይፈረማል፤ ሒሳቡ በዚያው ይጠቃለላል።
እኔም እጭናለሁ። መዝጊያውን እቀረቅራለሁ።
ከኋላ ያለውን እንዳልሰማ ሬዲዮ እከፍታለሁ።

አንድ የኅዳር ማለዳ፣ በመጀመሪያው በረዶ ዕለት፣
መንገድ ዳር ቆማ አገኘኋት አንዲት ሽበታም ሴት፣
ከላይ የወንድ ጃኬት፣ ከሥር ቢጫ ሳሪ፣
እግሯ ላይ የጎማ ቦት።
«አርባ አራት አሥራ ሰባት አንተ ጋ ናት?» አለች፣ ደረሰኝ ዘርግታ፤
ከቄራው ዋጋ እጥፍ ከፍላ፣ ከባለበረቱ ገዝታ።

ሔምላታ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ቤት ሠርታ፣
ጡረታዋን አፍስሳለች ዘመም ላለ አንድ ጋጣ፣
ለዘጠኝ ላም፣ ለሁለት ወይፈን። ከሁሉም ጠብታ አይወጣ።
«ታዲያ ምን ይሰጡሻል?» አልኳት። «እበት» አለች፣ ፈገግ ብላ።
«እሱም ይበቃል። ቲማቲሜን ታውቀው ነበር፣
ሐምሌ ላይ መጥተህ ብትበላ።»

ላሚቱ ግን አልወርድም አለች። ከመወጣጫው ጫፍ ቆማ፣
በረዶውን በአፍንጫዋ ማገች፣ አንገቷን ወደ ታች አዘምማ።
ገመዱን ልስብ ስል ሔምላታ እጄን ያዘች፤
«እንግዳ አይጎተትም» ብላ በረዶው ላይ ቁጭ አለች።

አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ለላም ይህን ያህል ቆሜ አላውቅም።
ሰው ሲሰለቸው ይተርታል፤ እኔም አልታቀብኩም።
«በእኛ ቋንቋ» አልኳት፣ «ስለ ባዶ ተስፋ ሲወራ፣
ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል» ብዬ ሳብራራ፣
ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ዝም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።
«ለእናንተስ» አለች፣ «ይህን ማን ነገረ?

እኛም እንደዚያ እንላለን። የላሞች ዓለም አለ ከላይ።
ጌታዬ እዚያ እረኛ ነው፤ ዘውዱ የጣዎስ ላባ፣ እጁ ላይ ዋሽንት፤
ማታ ማታ ከኋላቸው ይገባል፣ አቧራቸውን ለብሶ።
ወተቷን ያየማ፣ ነጋዴም ይወዳታል።
ሳያይ የሚወዳት ነው የእሱ ባልንጀራ።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ እንደሚናገር፤
«በመቅደሱ መብራት የማነድደው ቅቤ ከየት የመጣ ነበር?
የእሷ ይሆናል። ጥጃዋ ሳይጠባው የቀረ።
ሠላሳ ዓመት ጸሎቴ በሰው በረት ጡት በራ።
ይኼ ጽድቅ አይደለም፤ ዕዳ ነው፣ በጭድ የምከፍለው፤
ያውም ወለዱን ብቻ።»

ከጃኬቷ ኪስ ጨርቅ ፈታች፤ ገና ያልቀዘቀዘ ቂጣ፣
የማለዳው የመጀመሪያ፣ ከቤተሰቡ አፍ በፊት የወጣ፣
የሸንኮራ ስኳር ተጠቅልሎበት። ዘረጋች። ጠበቀች።
ላሚቱ አንድ እግሯን አወረደች። ቆየች። ሁለተኛውን አስከተለች።
ሸካራ ምላሷ መዳፏን ላሰ።

«ካጅሪ» አለቻት፣ በዓይኗ ዙሪያ ኩል መሳዩን ጥቁር አይታ፤
እርድ የነካ እጇን ሽንጧ ላይ አትማ፣
ከሰኮናዋ ሥር ጭቃ ዘግና ግንባሯን ቀብታ።
ገመዱን ሳቀብላት ጣቴ ላይ ቢጫ ቀረ።

መዝጊያውን ልቀረቅር ዞርኩ። ውስጥ አምስት ነበሩ።
አምስቱም ስም የሌላቸው።
ሔምላታ አየቻቸው። ማየቷን አየሁ።
ገንዘቧ ለአንዷ ነበር የበቃው። ምንም አላለች፤
በረዶው ላይ የወደቀችውን የቂጣ ፍርፋሪ ለቀመች።

እስከ ቄራው ሃያ ሦስት ማይል ነው።
መሪው ላይ የእርድ አሻራ።
ሬዲዮውን አልከፈትኩም።
አንዷ «እምቧ» አለች ከኋላ።
ሰማሁ።